የሬይ ቺሊና የእህቴ አፍንጫ

ቺሊ የሚባለውን የአሜሪካኖች ምግብ ቀምሳችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ብዙም አልቀረባችሁም። የተፈጨ የከብት ሥጋ፣ ቀይ ቦሎቄ፣ ቲማቲምና የማያቃጥል በርበሬ አንድ ላይ ሲንተከተኩ የሚወጣው፣ ወጥ ልሁን ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ ሃሳቡን የቀየረ ነገር ነው። ይህን የምለው ንቄው አይደለም። በዕድሜዬ እንደ ቺሊ ያስለቀሰኝ ምግብ የለም፤ ያስለቀሰኝም በማቃጠል አይደለም።

ስሜ ተስፋዬ ነው። የምንኖረው ሚኒሶታ ውስጥ ኢገን በምትባል ከተማ ነው፤ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ባለቤቴ ሰናይት ነርስ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሶልያና የምትባል፣ እኛ ሶሊ የምንላት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እዚሁ ሚኒሶታ ስለተወለደች በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልስላችኋለች። በሴንት ፖል ደግሞ ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ አለች። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የጠዋት ፈረቃ ትሠራለች።

ስለ ሃይማኖታችንም ማወቅ አለባችሁ፤ ታሪኩ እዚያ ላይ ስለሚሽከረከር። እኔና እህቴ ያደግነው ኦርቶዶክስ ቤት ነው። ሰናይትን ሳገባ እሷ ወደምትሄድበት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በዚያው ቀረሁ። ጥሩወርቅ ግን ባለችበት ናት። አንድ ጾም አያመልጣትም። "እትዬ፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው እንጂ ድስት አይደለም" እያልኩ እቀልድባታለሁ። "አንተ ልብህንም ድስትህንም አጽዳ" ትለኛለች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም ገና አልተሸናነፍንም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከልጅነት ቤቴ አንድ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። አሳማ አልበላም። በትምህርት ደረጃ ወንጌል ነፃ አውጥቶኛል፤ ጨጓራዬ ግን ገና ነፃ አልወጣም። የመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ ያ ነገር በትሪ ሲመጣ፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ወደ ውጭ እወጣለሁ።

እንግዲህ የሬይን ቤት ላሳያችሁ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ያረጀ ዳይነር ነበር። ዳይነር ማለት ቀኑን ሙሉ ቁርስ የሚሸጥበት፣ ሰዉ ባንኮኒ ላይ ተደርድሮ የሚበላበት ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቱም አብሳዩም ሬይ የሚባል ወሬ የማይወድ ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶሊ የዋና ትምህርቷን ስትጨርስ ፀጉሯ ሳይደርቅ እዚያ እንሄዳለን። የምናዘው ሁልጊዜ ቺሊ ነው። ቤት ውስጥ ከምግብ ጋር ስትደራደር የምትውለው ልጅ፣ የሬይን ሳህን በዳቦ ጠርጋ ትጨርሳለች። አንድ ቀን "ምን ብትጨምርበት ነው እንዲህ የሚጣፍጠው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሥጋ፣ ቦሎቄና አርፎ መቀመጥ" አለኝ። አርፈህ ብላ ማለቱ ነው።

አንድ ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ሬይ ሞተ። ቅዳሜ ስንሄድ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ሶሊ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ባዶውን ባንኮኒ ብዙ አየችው።

የበረዶው ወራት ሲያልቅ፣ በአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ልደት ላይ አንድ የወይን ፍሬ ጉሮሮዋ ላይ ተቀረቀረ። አንዲት እናት ጀርባዋን መትታ አወጣችላት። የደወሉልኝ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ስደርስ ሶሊ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ነጭ፣ ዓይኗ ደረቅ። ወይኑ ወጥቷል፤ ፍርሃቱ ግን ውስጥ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ልጄ መዋጥ አቆመች። መጀመሪያ ሥጋ ተወች። ቀጥሎ ዳቦ፣ ከዚያ ፓስታ፣ ከዚያ ሙዝ። ወተትና ጭማቂ ብቻ፣ እሱንም በትንንሹ። ማንኪያ ወደ አፏ ስናስጠጋ ጉሮሮዋን በእጇ ትይዛለች። ሰናይት በዚህ መሃል አባቷ በጠና ታመውባት አዲስ አበባ ሄዳለች። በደወለች ቁጥር ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "በላች?" ትላለች። እኔም "ትንሽ" እላለሁ።

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ ነገሩን ግን አላለሳለሰችውም። "ሐሙስ ከሰዓት እንመዝናታለን። አሁንም ምንም የማትበላ ከሆነ አስተኝተናት በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተን እንመግባታለን" አለችኝ። ከእሷ ጋር የምትሠራዋ የልጆች አመጋገብ ባለሙያም መከረችኝ። "አታስገድዳት። አብረሃት ብላ፤ ስትውጥ ትይህ። የምታምነው ምግብ ካለ ከእሱ ጀምር።"

የዚያን ቀን መኪና ውስጥ ጠየቅኋት። "ሶልዬ፣ የትኛውን ምግብ ብትበዪ ነው የማትፈሪው?"

በመስኮቱ የሚቀልጠውን በረዶ ታያለች። "ሬይስ ቺሊ" አለችኝ። "ኢት ኖውስ ሃው ቱ ጎ ዳውን።"

መውረጃውን ያውቀዋል ማለቷ ነው። የሞተ ሰው ምግብ ታዘዝኩ።

ሰኞ ሥራ ቀርቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ስልኬ ላይ አንዱን አሠራር ከፍቼ ጀመርኩ፤ ነገር ግን ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲገባ የሐበሻ እጅ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። አቁላላሁት። እስኪጠቁር አቁላላሁት። ትንሽ በርበሬ ጣል ሳደርግበት ደግሞ ልቤ ሞቅ አለ። ሶሊ ከደረጃው ላይ አንዴ አሸተተችና፣ "ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ወጥ" ብላኝ ተመለሰች። ማክሰኞ የቆርቆሮ ቺሊ ገዝቼ አሞቅኩ። እሱን ጭራሽ አልቀረበችውም።

በዚያው ማክሰኞ ፍሪዘሩን ሳገላብጥ፣ ከጎመኑ ጀርባ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ። ክዳኗ ላይ የሬይ ቤት ምልክት አለባት። ከአንዱ ቅዳሜ ተርፎን ይዘነው የመጣነው፣ የረሳነው ቺሊ ነው። እዚያው በፍሪዘሩ ብርድ ቆሜ ዕቃዋን ደረቴ ላይ አቀፍኳት። በውስጧ ያለው ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ የማይበቃ ነበር። አንዴ ከበላችው አለቀ። ደወልኩ።

"እትዬ፣ ነገ ከሥራ ስትወጪ ልምጣና ልውሰድሽ። አንድ ምግብ አለ፣ ምን እንዳለበት እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ።"

"የፍስክ ነው?"

"የፍስክ ነው።"

"ሁዳዴ መሆኑን ረስተህ ነው?"

"አልረሳሁም። ሶሊ መብላት አቁማ ልታልቅብኝ ነው፣ እትዬ።"

"ቀድመህ አትመጣም ነበር?" አለችኝ። "ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ አብሬያችሁ አድራለሁ።"

ረቡዕ ከሰዓት እህቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ምድጃው ፊት ቆመች። የሬይን ቺሊ በትንሽ ድስት በቀስታ አሞቅነው። እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር ፎቅ ላይ በር ተከፈተ። ሶሊ ራሷ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ደረጃውን ወርዳ መጣች። ወጥ ቤት በገዛ እግሯ ከገባች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ዓይኗ ድስቱ ላይ ነው።

እህቴ ሁለት ማንኪያ ያህል ለናሙና አስቀርታ ሌላውን በሳህን አቀረበችላት። ሶሊ ማንኪያውን ነከር አደረገችና ጫፉን ላሰች። ጠበቀች። ትንሽ አፏ ውስጥ አስገባች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ዋጠች። ደገመች። ሳህኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ነገር በትዕግሥት፣ ድልድይ እንደሚሻገር ሰው እየረገጠች ጨረሰቻት።

"ኢዝ ዜር ሞር?" አለችኝ፤ ተጨማሪ አለ ወይ ማለቷ ነው።

"ነገ አለ" አልኳት። አፌ እንዴት እንደደፈረ አላውቅም።

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ስትመለስ የቀረችውን ማንኪያ ወደ እህቴ አስጠጋሁ። "በይ እትዬ፣ ምላስሽ ላይ አድርጊና ትፊው። ዝም ብለሽ ምን እንዳለበት ንገሪኝ።"

"አልቀምስም።"

"ለልጅ ነው እኮ! እግዚአብሔር ይህ አይገባውም?"

"እሱስ ይገባዋል። ያልገባህ አንተ ነህ። የፋሲካ ዶሮ ሲሠራ ማን ቀምሶት ያውቃል? ጾም ስይዝ ምላሴ ያርፋል፣ አፍንጫዬ ይሠራል። ጨው ሲያንሰው ይሸተኛል። አሁን ብቀምስ ሁለቱም ይምታቱብኛል።"

ተናደድኩ። ልጄ ነገ ቱቦ ሊገባላት፣ እህቴ ስለ ጾም ታወራለች ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ስመለስ ዓይኗን ጨፍና፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ወደ ድስቱ ዘርግታ፣ ጉንፋን እንደሚታጠን ሰው ጎንበስ ብላለች። በትንፋሿ መካከል አንድ አንድ ነገር ትናገራለች።

"ሽንኩርቱን አላቁላላውም። ከነውኃው ነው የለቀቀው። ነውር ነው፣ ግን እሱ ነው... ቲማቲሙ የቆርቆሮ ነው። ከሙን አለው፣ ብዙ። ነጭ ሽንኩርት ትንሽ። መጨረሻ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጎበታል..."

አንድ ጊዜ እንኳ በልታው የማታውቀውን፣ የሠራውን ሰው አይታው የማታውቀውን ምግብ እንፋሎቱን እያፍታታች ታወጣዋለች። ኮምጣጤዋን እኔ በስንት ቅዳሜ አላገኘኋትም።

ድንገት ቀና አለች። ድስቱን ከደነችውና ወደ መስኮቱ ሄዳ ቆመች።

"ምነው?"

"ቆይ።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ሬይ ቁርስም ይሠራ ነበር አላልከኝም?"

"ቀኑን ሙሉ።"

"ቤከን ይጠብስ ነበር?"

"ዳይነር አይደል እንዴ እትዬ፣ ምን ማለትሽ..."

"ስቡን አይደፋውም ነበር" አለችኝ በቀስታ፣ መርዶ እንደምታረዳ ሰው። "ቺሊውን የሚጀምረው በእሱ ነው። ሽንኩርቱም ሥጋውም የገባው በአሳማ ስብ ላይ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ተስፋዬ፣ በየጠዋቱ በጓንት እያገላበጥኩ የምጠብሰውን ሽታ ልስተው ነው? ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የምታጠበው ፀጉሬን ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ቅዳሜ ዓይኔ ላይ መጣ። በዳቦ እየጠረግኩ፣ ጣቴን እየላስኩ፣ ልጄን "ጨርሺው፣ ይጠቅምሻል" እያልኩ። የመሥሪያ ቤቱን ትሪ እየሸሸሁ ያን ሁሉ ዓመት የበላሁት ራሱን ትሪውን ነው። ጨጓራዬ ሳያማክረኝ ነፃ ወጥቶ ኖሯል።

"ያለ እሱ ይሠራ" አልኳት። "በዘይት አድርጊው። ልጅ ምን ታውቃለች?"

እህቴ አልተከራከረችኝም። ሽንኩርቱን ሳታቁላላ፣ ከሙኑን፣ ኮምጣጤውን ሁሉንም እንዳለችው አደረገች። ለእኔ የሬይ ነበር። ሶሊ ራት ሰዓት ላይ መጣች፣ ተቀመጠች፣ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አስገባች። አልዋጠችውም። ዓይኗ እየሰፋ ሄደ፣ እጇ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ፣ ናፕኪን ላይ ተፋችውና ማልቀስ ጀመረች። "ኢትስ ኖት ኢት፣ ዳዲ! ዩ ሴድ!" አለ ብለኸኝ ነበር ማለቷ ነው። እሱ አይደለም። ወተቷንም ሳትጠጣ ተኛች። ሰናይት ስትደውል "በላች?" አለችኝ። ያን ቀን ትንሽ እንኳ ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሳሎን ስወርድ እህቴ ጸሎቷን ጨርሳ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። "ተነስ፣ ሱቅ ውሰደኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"እትዬ፣ ሁዳዴ እኮ ነው!" አልኳት። አስቡት፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በጾሟ ስቀልድባት የኖርኩት ሰውዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጾም እጠብቅላታለሁ።

"የሁዳዴው ነገር ላንተ አልተሰጠህም። ንዳ።"

ሶሊን ይዘን ሄድን። ሱቁ ውስጥ እኔ ሶሊን ይዤ እንቁላል ያለበት ጋ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ እግሬ አልሄድ አለኝ። እህቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ሄደች። መደርደሪያው ፊት ቆማ አንዱን አነሳች፣ አገላበጠች፣ መለሰች፣ ሌላ አነሳች። ወፍራሙን፣ በእንጨት ጭስ የታጠነውን መረጠች። ሥራዋ ነውና ታውቀዋለች። በሥራ ቦታ ግን የሌላ ሰው ድስት፣ የሌላ ሰው ቁርስ ነው። እዚህ በገዛ እጇ፣ ለገዛ ሥጋዋ ነው። ያንን ዕቃ ይዛ ወደ እኛ ስትመጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ መጸየፍም የለ፣ ማመንታትም የለ። ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ማየት እንደሚያስፈራ ያኔ አወቅኩ።

ቤት ደርሰን "የትኛው ድስት ይሁንሽ?" አልኳት።

"ትልቁ። ያንተ ድስት እንደሆነ ሁሉም የፍስክ ነው" አለችኝና ፈገግ አለች። ያን ጠዋት ፈገግ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አማተበች። ቤከኑን በቢላ ከትክታ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። መንጫጫት ሲጀምር እኔ መስኮት ልከፍት ተነሳሁ። "ተው፣ አትክፈት!" ብላ ጮኸችብኝ። "ሽታው ነው የምፈልገው።" ስቡ ቀልጦ ሲያልቅ ቁርጥራጩን አወጣች፤ በቀረው ላይ ጥሬውን ሽንኩርት ለቀቀች። ዓይኗን ጨፈነች። ጨው ጨመረች፣ አሸተተች፣ አሁንም ጨመረች። ከሙኑን ስትበትን እጇ አየር ላይ ቆመ፤ ትንሽ አሸተተችና የቀረውን ወደ ዕቃው መለሰች። ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። እኔ ደረጃው ሥር ተቀምጬ አየኋት። በጸሎት ላይ ያለ ሰው አይታችሁ ካወቃችሁ፣ ያየሁት እሱን ነው። ብቻ ድስት ላይ ነው፣ ከዚያም አሳማ ያለበት ድስት ላይ።

ሥጋውና ቲማቲሙ ገብተው፣ ቦሎቄው ተጨምሮ፣ ቤቱ ቀስ በቀስ ሌላ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ አቬኑ ቅዳሜ ኢገን መጣ። መጨረሻ ላይ ኮምጣጤዋን ጠብ ስታደርግ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ።

ሶሊ ደረጃው ላይ አለፈችኝ። እንዳላየችኝ ነው ያለፈችኝ። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እህቴ ሳህኑን አቀረበችላትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ እንደ አክስቷ፣ ዓይኗን ጨፍና። ማንኪያውን አነሳች። አፏ ውስጥ አስገባች። ቆመ። አፏ ቆመ፣ እጇ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። እጇ ወደ ጉሮሮዋ ግማሽ መንገድ ሄደና ተመለሰ።

ዋጠች።

ሁለተኛውን ዋጠች። ሦስተኛውን ስትውጥ ትከሻዋ ወረደ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ሳለቅስ ካየችኝ ልታቆም ትችላለች ብዬ።

ዛሬም ፀጉሬ የሚቆመው ከዚያ የሆነውን ሳስብ ነው። ሶሊ ሳህኑን አጋምሳ ቀና አለች። አክስቷ ሁለት ቀን ሙሉ ድስት ሥር ቆማ አንድ ጊዜም አፏ ሳታደርስ አይታታለች። ማንኪያውን ሞልታ፣ እጇን ከሥሩ ደግፋ፣ ወደ አክስቷ ዘረጋችው።

"አንቲ፣ ዩ ትራይ።" ከዚያም በአማርኛ፣ "ጉርሻ" አለች።

ባለሙያዋ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ስትውጥ ትይህ ብላኝ ነበር። አሁን የሠራችው ሴት ራሷ እምቢ ብትል፣ ምግቡ የሚፈራ ነገር እንዳለበት ይህች ልጅ ታያለች። ማንኪያው አየር ላይ ነው። የሬይ ቺሊ ጠብ ጠብ ይላል። ወደ እህቴ ዞርኩ። እንዳድናት የሚለምን ዓይን የማገኝ መስሎኝ ነበር። እህቴ ግን እኔን አላየችኝም። ልጅቷን ብቻ ነው የምታየው። ለእኔ ልመና ያልተከፈተው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ለምንም ያልተከፈተው አፍ ቀስ ብሎ ሲከፈት አየሁ። ወደ ማንኪያው ጎንበስ ማለት ጀመረች።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በመሃላቸው ገብቼ "እኔን አስቀድሚኝ፣ ሶልዬ! አባት አይቀድምም?" አልኩና ማንኪያውን ከነጣቷ ልዋጠው ምንም አልቀረኝም። አውቄ፣ ምን እንዳለበት በስሙ አውቄ ዋጥኩት። ልክ የቅዳሜው ጣዕም ነበር። ጣፈጠኝ፤ ይህን መካድ አልችልም። ሶሊ ፊቴን አይታ ሳቀች። ወይን ፍሬው ጉሮሮዋ ላይ ከቆመ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት የመጀመሪያው ነው። ከዚያም ማንኪያውን ነጥቃኝ የቀረውን ራሷ ጨረሰችው። እህቴ ወደ ምድጃው ዞራ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ጋ ስንሄድ በቴርሞስ ይዘነው ሄድን። ክብደቷ መውረዱ አልቀረም፤ አንድ ሳህን ቺሊ ተአምር አይሠራም። ነገር ግን ሶሊ እዚያው ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ የወረቀት አንሶላው ላይ እግሯን እያወዛወዘች፣ በሐኪሟ ፊት በላች። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ እስክትጨርስ አየቻት። "ቱቦውን እናቆየዋለን" አለች። የቱቦው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ከቺሊው ወደ ሾርባ፣ ከሾርባው ወደ ሩዝ፣ እያለ ልጄ ተመለሰችልኝ።

ለሰናይት የዚያኑ ቀን ደውዬ "በላች" አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ። ምን እንደበላች የነገርኳት ግን አገር ቤት ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ነው። እስክታለቅስ ሳቀች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በዚህ ታሪክ ማን ትክክል ነው እያላችሁ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ፤ በእኔም ቤት ተከራክረንበታል። እኔ ዛሬም የምሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያኔ ነው፣ እህቴም ወደ ቤተ ክርስቲያኗ። አሳማም አልጀመርኩም፤ ጨጓራዬ ለሶሊ ብሎ አንድ ጊዜ ፈቀደልኝ፣ በዚያው አበቃ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እህቴን ድሮ ሳያት የማየው የማትበላውን ነበር፤ ሥጋ የማትበላ፣ ወተት የማትጠጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማትቀምስ። አንድ ሰው ራሱን እንዲያ ሲከለክል ውስጡ የሚጠራቀም ኃይል እንዳለ፣ ያም ኃይል አንድ ቀን ለሌላ ሰው እንደሚፈስ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችሁ አለ። ድስት ሥር ቆሞ ይሆናልና ዞር ብላችሁ እዩት።

ያን ሐሙስ ማምሻውን እህቴን ወደ ሴንት ፖል መለስኳት። ቤቷ በር ላይ ስናቆም አላስችል አለኝ።

"እትዬ፣ አፍሽን ከፍተሽ ነበር እኮ። አይቼሻለሁ።"

"ልጅ ስታጎርስ አፍ ይዘጋል እንዴ?"

"ጾምሽስ?"

የመኪናውን በር ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች።

"ጾሙን እግዚአብሔር ቢፈቅድ በማግስቱ ከቆመበት እቀጥለዋለሁ" አለችኝ። "እሷ ግን ያን ማንኪያ በማግስቱ አትዘረጋልኝም።"